ሐብሐብ የሚቀርጸው ሥጋ ቆራጭ

ሥዩምን የሚያውቅ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያወራው ስለ እጁ ነው። ሲያትል ውስጥ፣ ሬኒየር ቫሊ በሚባለው ያበሻ ሰፈር ስሙን ብትጠሩ፣ ያ እጁ የማያርፈው ሥዩም ወይ ይሏችኋል። እውነታቸውን ነው። ሌላው ሰው ልናደድ አልናደድ ብሎ እስኪያስብ የሥዩም ቡጢ ሄዶ ተመልሷል። በሰባት ዓመቱ የጎረቤት ልጅ ጥርስ አወለቀ። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ቄራ ብልት ሲያወጣ አብሮት የሚሠራ ሰው ቢሰድበው ቢላውን አስቀመጠ፣ ይህን ልብ በሉልኝ፣ ቢላውን አስቀመጠና በባዶ እጁ ሰውየውን ደም መውረጃው ቦይ ውስጥ ከተተው። ቢላ በሰው ላይ አንስቶ አያውቅም። በዚህ ይኮራል። እኔ ብሆን አልኮራም፤ የሥዩም ነገር ግን እንዲህ ነው።

ሲያትል የመጣው ዲቪ ደርሶት ነው። ልዕልት የምትባል የተማረች፣ ረጋ ያለች ሴት አገባና ማዕረግን ወለዱ። ሥራው ካበሻ ሱቆቹ በአንዱ፣ ከጀርባ ባለችው ሥጋ መቁረጫ ነበር። በሥራውማ ማን ይችለዋል! ታላቁን ከታናሹ፣ ዳቢቱን ከሻኛው ሲለይ አጥንቱ ላይ ለድመት የሚሆን አይተርፍም። ችግሩ ደንበኛው ነው። አንዱ ጮማ አበዛህብኝ ብሎ ቢያጉረመርም በአንገትጌው ይዞ በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ጎትቶ ወደ ጓዳ አሳለፈው። ሌላው ፓርክ የማደርግበትን ቦታ ያዝክብኝ ቢለው በቴስታ አፍንጫውን ሰበረው። ከዚያ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ሥዩም አጥፍቻለሁ ይላል፤ ይሳሳማሉ፤ ወር ሳይሞላ ሌላ ሰው ይደማል። ሽማግሌዎቹም ቢሆኑ ከጥፋቱ ነፃ አይደሉም፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ። ፖሊስ እንዳይገባ፣ ሥራ እንዳያጣ፣ የሰው ትዳር እንዳይፈርስ እያሉ ስንቱን ደም አድበስብሰው አለፉ። ተው፣ ይበቃሃል ያለው አንድ ሰው አልነበረም።

ማዕረግ ዘጠኝ ዓመት የሞላት ዕለት ግን የሚድበሰበስ አልሆነም። የልዕልት ወንድም ዘካሪያስ ምላሱ ስል ነው። ኬኩ ሊቆረስ ሲል፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ እህቴ ተምራ ተምራ የሥጋ ሽታ ከላዩ የማይለቅ ሰው ላይ ወደቀች ብሎ ሳቀ። ሰዎቹም ሳቁ። ሥዩም ወንበር አነሳ። የመጀመሪያው ምት የዘካሪያስን መንጋጋ ሰበረው። ሁለተኛው ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ሦስተኛውን አራት ወንዶች ተጋግዘው ነው ያስቀሩት። ማዕረግ በነጭ ቀሚስ፣ ቁራጭ ሐብሐብ በእጇ ይዛ አጠገባቸው ቆማ ነበር፤ የአጎቷ ደም ከአንገቷ እስከ ወገቧ ተረጨባት። ልጅቷ አላለቀሰችም። ሐብሐቡን ጣለችና እዚያው አስመለሳት። ቀሚሱን ልዕልት ሦስት ጊዜ አጥባው አልለቅ ሲላት በላስቲክ ጠቅልላ ወረወረችው።

ሥዩም ሰባት ወር ታሰረ። ሲወጣ ትዳሩ ፈርሷል፣ ልዕልት ልጇን ይዛ ከሲያትል ወጣ ብላ ያለችው ፌደራል ዌይ ገብታለች፣ እሱም እንዳይቀርባቸው ፍርድ ቤት አግዶታል። ዘካሪያስ መንጋጋው በሽቦ ታስሮ ሁለት ወር ሾርባ በቀጭን ቱቦ ሲመጥ ከረመ። ዛሬም በግራ በኩል ብቻ ነው የሚያኝከው፤ ሲያኝክ ደግሞ አጥንቱ ቀጭ ቀጭ ሲል ጠረጴዛው ማዶ ያለ ሰው ይሰማዋል። ማዕረግን ትምህርት ቤት ያመላለሳት እሱ ነው፣ መንዳት ያስተማራት እሱ ነው፣ ስትመረቅ አበባ ይዞ የቆመው እሱ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ ይመጣል።

ለሥዩም ሥራ የሚሰጥ ያበሻ ሱቅ ጠፋ። በመጨረሻ አንድ የታይላንዶች ምግብ ቤት ዕቃ አጣቢ አድርጎ ቀጠረው። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጎረምሳ ወጥ ሠሪ የጋለ መጥበሻ ከነዘይቱ ማጠቢያው ውስጥ ሲወረውር እጁ ላይ ተፈናጠረበት። ሥዩም ልጁን በማጅራቱ ይዞ ጭንቅላቱን የቆሸሸው ውሃ ውስጥ ደፈቀው። አንድ ጊዜ አውጥቶ አየው፣ እንደገና ደፈቀው። የልጁ እግር ወለሉን እየቧጠጠ ነበር። ይሄኔ የባለቤቱ እናት፣ ማሊ የምትባል ሰባ ዓመት ያለፋት አጭር አሮጊት፣ የብረት ጭልፋ ይዛ መጣችና የሥዩምን የጣት አንጓዎች ቋ አደረገቻቸው። ደግማ ቋ። ለቀቀ። በዕድሜው ሙሉ በእጁ የመታው ሰው እንጂ እጁን የመታው ሰው አልነበረም።

ማሊ ፖሊስ አልጠራችም፣ ሽማግሌም አላስቀመጠችም። ጎትታ ወደ ጥግ ወሰደችውና በአንድ እጁ ካሮት፣ በሌላው ጣት የምታህል ቢላ አስያዘችው። የእሷ እንግሊዝኛ ግማሹ የታይ ነው፣ የእሱም ግማሹ አማርኛ ነው፤ በቅጡ የሚግባቡት በጭልፋው ነበር። ያገሯ ሰዎች ፍሬንና አትክልትን አበባ አድርገው የሚቀርጹበትን ጥበብ ልታስተምረው ነው። በዚህ ጥበብ ቢላው እንደ እርሳስ ነው የሚያዘው። ትንሿ ጣት ፍሬው ላይ ታርፋለች፣ አትነሳም። ቢላው አይገፋም፤ ግራ እጅ ፍሬውን ቀስ አድርጎ ያዞርለታል። የገፋ እንደሆነ የአበባው ቅጠል ይወድቃል፣ የወደቀ ቅጠል ደግሞ ተመልሶ አይተከልም። ከአያያዝ ይቀደዳል የሚለው ያገራችን ሰው ይህን ሥራ ያየ ይመስላል።

ሥዩም ምን ያድርግ፣ በሬ ሲገነጥል የኖረ ክንድ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ዐሥራ አንድ ካሮት ሰባበረ። በወሩ ሐብሐብ ሰጠችው፤ ጽጌረዳው ሊያልቅ አንድ ቅጠል ሲቀረው እጁ ገፋና ተገመሰ። ሐብሐቡን አንስቶ ግድግዳው ላይ ፈረከሰው። ማሊ ፊቷ ላይ የተረጨውን ጠርጋ ሌላ ሐብሐብ አምጥታ አስቀመጠችለት። ቀጥሎ አንድ የበረዶ ውሃ ገንዳ አሳየችው። የተቀረጸ ነገር ሁሉ ቅጠሉ እንዲጠነክር በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ ይነከራል። ንዴትህ ሲመጣ ቢላውን የትም አታስቀምጥ፣ ከነእጅህ እዚህ ክተተው፣ አጥንትህን እስኪያምህ አታውጣው አለችው። እንዳለችው አደረገ። እጁ ሰማያዊ እስኪሆን ይነክረዋል፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ በአማርኛ ይራገማል፣ ከዚያ አውጥቶ ካቆመበት ይቀጥላል። በመጀመሪያው ዓመት በቀን ሰባት ስምንት ጊዜ ይነክር ነበር። በአምስተኛው በሳምንት አንዴ ሆነ።

ታዲያ ያገሯ ተማሪ በዓመት አንድ ቀን አበባ ይዞ መምህሩ ፊት ይሰግዳል። ሥዩም ይሄ ጣዖት እንዳይሆን ብሎ ተጨነቀና የንስሐ አባቱን ጠየቀ። ክርስቶስን ካድልኝ ብላሃለች ወይ አሉት። የለም አባቴ፣ አበባ አምጣ ነው ያለችኝ አለ። እንግዲያው መምህርህን አክብር፣ ግን ከወገብህ በታች አትውረድ ብለው ፈቀዱለት። ልክ ወገቡ ላይ ቆመ፣ እንደተሰበረ ወንበር። ማሊ ሳቀች፤ አንድም ቀን አላስገደደችውም።

ዐሥራ አንድ ዓመት አስተማረችው። በእነዚያ ዐሥራ አንድ ዓመታት የሰው አካል ላይ እጁ አላረፈም። ስትሞት ያቺን ትንሽ ቢላ ለልጆቿ አላወረሰችም፣ ለእሱ ነው የተወችው። ሥዩም ቀብሯ ላይ ያለቀሰውን ለእናቱም አላለቀሰም።

ከዚያ በኋላ ለሠርግ ይጠሩት ጀመር። ሌሎች ፎቶ የሚነሱበትን የፍራፍሬ ጠረጴዛ ከጓዳ ሆኖ ይሠራል፣ በጓሮ በር ይወጣል። ማዕረግ ነርስ ሆናለች፤ በጓደኛዋ ሠርግ ላይ ከአንዱ ሐብሐብ አጠገብ ፎቶ ተነሳችና እንዲህ ዓይነት እጅ የማን ነው ብላ ጠየቀች። የአባትሽ ነው አሏት። ሳቀች፣ ቀልድ መስሏት። ከዚያ ጓዳ ሄዳ በበሩ ቀዳዳ አየችው፤ መነጽር አድርጎ፣ ትንሿን ጣቱን ሐብሐብ ላይ አሳርፎ። ሳታናግረው ተመለሰች።

በሦስተኛው ወር አፓርትማው ድረስ መጣች። ጌዴዎን ከሚባል ቤልቪው ከሚሠራ ኢንጂነር ጋር ልትጋባ ነው። ጫማዋን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማ ነው የነገረችው። የፍራፍሬውን ጠረጴዛ እንዲሠራላት ትፈልጋለች። ከጓዳ አይወጣም። ምግቡ ተበልቶ ሁሉም ሰላም ከሆነ ግን አዳራሹ ውስጥ ወንበር ይቀመጥለታል፣ እሷና ጌዴዎን በሰው ሁሉ ፊት ተንበርክከው ጉልበቱን ይስማሉ፣ እሱም ይመርቃቸዋል።

«ግን አባ፣ አንድ እጅ ከተነሳ፣ የማንም ይሁን የማን ጥፋት አልሰማም፣ ለኔ ሞተሃል። ኦኬ?»

«ኦኬ» አለ ሥዩም። ስትሄድ መሬት ላይ ተቀመጠ። ልጅ ጉልበቱን ሳይስመው ያረጀ አባት ምን ይባላል? ሥዩም ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ እስኪመሽ ቆየ።

ሠርጉ ፌደራል ዌይ ውስጥ ባለ አዳራሽ ነበር። ሥዩም በዋዜማው ጀምሮ ዘጠኝ ሐብሐብ፣ ስድስት ፓፓያ፣ አንድ ትልቅ ዱባ ቀረጸ። ከቢጫ ሜሎን አደይ አበባ አወጣ፣ በመቶ የሚቆጠር። መሃል የሚቆመው ሐብሐብ ላይ ጽጌረዳዎቹ እርስ በርስ እየተቃቀፉ እስከ ቀዩ ድረስ ይወርዳሉ፤ ያንን አንዱን ብቻ ስምንት ሰዓት ፈጀበት። ሠርገኞቹ ሊደርሱ ግማሽ ሰዓት ሲቀር የመጨረሻዋን ቅጠል እያነሳ ነበር። የጓዳው በር ተከፈተና ዘካሪያስ ገባ።

ሙሉ ልብስ ለብሷል፣ ደረቱ ላይ ነጭ አበባ አለ። በሩን ከጀርባው ቆለፈ። ተዉ ሰዎች፣ ይህን ሰው ዝም ብላችሁ አትፍረዱበት። ዐሥራ ስድስት ዓመት በግራ ጥርሱ ያኘከ ሰው ነው። አሳዳጊው እሱ ሆኖ፣ ጉልበት የሚሳመው ወንበር ለሰባሪው ሲዘጋጅ በዓይኑ ያየ ሰው ነው። ቃል ሳይናገር የበረዶውን ገንዳ በእግሩ ገለበጠው። ውሃው ከነበረዶው ከነአበባው ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ቀጥሎ የመሃሉን ሐብሐብ በሁለት እጁ አንስቶ ከራሱ በላይ ከፍ አደረገና አፈረጠው። ቀዩ እስከ ጣሪያው ዘለለ። ከዚያ ፓፓያውን፣ ከዚያ ዱባውን፣ ከዚያ አደይ አበባዎቹን በጫማው ጨፈለቃቸው፣ አንድ በአንድ፣ እያየው።

«ምታኝ» አለው። «ምታኝና ልጅህ ትይህ።»

ሥዩም ደሙ ፈላ። ያ የጥንቱ ነገር ከሆዱ ተነስቶ በትከሻው ሲወርድ ተሰማው፣ እንዳረጀ ውሻ የጌታውን ቤት አልረሳም። የማሊ ቢላ ቀኝ እጁ ላይ ናት። ዞሮ ገንዳውን ፈለገ፤ ገንዳው በአፉ ተደፍቷል። እጁን የሚነክርበት የለም። ቢላውን ላስቀምጥ አለ። እንደዚያ ካደረገ ምን እንደሚከተል ግን ያውቃል፤ ዕድሜውን ሁሉ ቢላውን ባስቀመጠ ቁጥር ነበር ቡጢው የሚሄደው። ዘካሪያስ አፉን መታው። ከንፈሩ ለሁለት ተሰነጠቀ። ደግሞ ዓይኑን መታው።

ሥዩም ቢላዋን መዳፉ ውስጥ ገለበጣትና ስለቱ ላይ ጣቶቹን ዘጋ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔ የምነግራችሁ ግድግዳው ላይ ከተረጨው ደምና ኋላ ከተወራው ነው። ዘካሪያስ መንጋጋውን መታው፣ ሥዩም ጨበጠ። በጉልበቱ ሆዱን አለው፣ ጨበጠ። ወደቀ፤ ጎድኑን በጫማ ሁለት ሦስቴ ረገጠው፣ አንዱ አጥንት ሲሰበር ድምፁ ተሰማ፤ ሥዩም ይበልጥ ጨበጠ። ስለቷ ሥጋውን አልፋ ጅማቱ ጋ ደረሰች፣ ጅማቱንም አለፈች። ብልት የሚያውቅ ሰው ስለሆነ የቱ ጅማት እንደተበጠሰ በስሙ ያውቀው ነበር። ቡጢው ግን አልተነሳም። ዘካሪያስ ምታኝ እያለ መታው፣ በኋላ እያለቀሰ መታው፣ ክንዱ እስኪዝል መታው።

በሩ ተደበደበ። ዘካሪያስ ከፈተ፤ ለዚህ ሰዓት ነበርና የለፋው። ማዕረግ በሙሽራ ልብሷ ጠረጴዛዋን ልታይ መጥታለች። ወለሉ ቀይ፣ ግድግዳው ቀይ፣ የአጎቷ ሸሚዝ ቀይ፣ አባቷ መሬት ላይ። ፊቷ ዘጠኝ ዓመቷ ላይ የነበረውን ፊት ሆነ።

«ቢላ ይዟል» አለ ዘካሪያስ። ሐሰት አልተናገረም።

ማዕረግ የአጎቷን ገላ ፈተሸች፣ ሆዱን፣ አንገቱን፣ ደረቱን። የተወጋ ነገር የለም። የቡጢው አንጓዎች ግን ተልጠዋል። ከዚያ አባቷ አጠገብ ተቀመጠችና ቀኝ እጁን አነሳች። የእሱ አንጓዎች ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም። ደሙ ግን ከዚያ ከተዘጋ ጭብጥ ነው የሚወርደው።

«አባ፣ እጅህን ክፈት።»

አልከፈት አለው። ጣቶቹ አይታዘዙትም። አንድ በአንድ እሷ ናት የከፈተቻቸው፤ ትንሿን ጣት መጨረሻ። ቢላዋ ስለቷ ወደ ውስጥ ሆኖ መዳፉን ለሁለት ከፍላ ተቀብራበታለች። ማዕረግ ነርስ ናት፣ በቀን ስንት ቁስል ታያለች፣ እንዲህ ያለ ግን አይታ አታውቅም። ቀጥሎ የራሷን ቬል ቀድዳ እጁን አጥብቃ አሰረች፣ አምቡላንስም ኮል አደረገች።

የአምቡላንሱ ሰዎች መጡ፣ ፖሊስም አብሮ መጣ። ማን መታህ ብሎ ጠየቀው። ዘካሪያስ ግድግዳው ሥር ቁጭ ብሎ መንጋጋውን በእጁ ደግፎ ያያል። ሥዩም ባበጠ አፉ፣ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛው፣ ሐብሐብ አዳልጦኝ ወደቅኩ አለ። ፖሊሱ ጣሪያውን አየ፣ የዘካሪያስን እጅ አየ፣ ማዕረግን አየ። ደግሞ ጠየቀው። ሐብሐብ ነው አለ ሥዩም፣ በጣም ያዳልጣል። ዘካሪያስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ።

ቃሬዛው ላይ ሊያነሱት ሲሉ ማዕረግ ቆዩ አለች። ጌዴዎንን ከአዳራሹ አስጠራችው። ልዕልትም ተከትላው መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ማዕረግ አባቴን ወንበር ላይ አስቀምጡልኝ አለች፤ የአምቡላንሱ ሰዎች አንችልም ሲሏት ነርስ መሆኗን ነገረቻቸውና ደግፈው አስቀመጡት። ከዚያ ነጩን ቀሚሷን ሳትሰበስብ ውሃውና ደሙ ላይ ተንበረከከች፣ ጌዴዎንም አጠገቧ። መጀመሪያ ቀኝ ጉልበቱን ሳመች፣ ቀጥላ ግራውን። ሥዩም እጁን አናቷ ላይ ሊያሳርፍ አነሳው፣ የታሰረ ነው፣ በክርኑ ነካት። ለሳምንታት ያጠናውን ምርቃት ሁሉ ጀመረው፤ ከዚያ ካበጠ አፍ አንድም ቃል በቅጡ አልወጣም። እሷ ግን በየመሃሉ አሜን አለች።

ሁለት ጣቶቹ ከዚያ ወዲህ አይታጠፉም፤ ሐብሐብ ቀርቶ ካሮት አይቀርጽም። ዘጠኝ ዓመቷ ላይ የለበሰችውን ቀሚስ እናቷ ጥላዋለች። የሠርጓን ቀሚስ ግን ማዕረግ አላሳጠበችውም፤ እንዳለ፣ ጉልበቱ ላይ ቀልቶ፣ ቁም ሣጥኗ ውስጥ ተሰቅሏል።